ሰርቲፊኬት ያለው ሶፍትዌር፣ በእጅ የሚዞር ሲዲ

አክስቴን ይዤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እዚሁ አሜሪካ ነው። ሆስፒታሎቹ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢራራቁ ነው። ከመጀመሪያው ስንወጣ የሲቲ ስካኑን ምስል በሲዲ፣ የደም ምርመራውን ደግሞ በወረቀት አትመው ሰጡን። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ሐኪሙ ሲዲውን ተቀብሎ አገላበጠው። ኮምፒውተሩ ግን የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ወረቀቱን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ። ሄሞግሎቢን፣ ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየም። ሲሳሳት ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል።

ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ምን መድኃኒት ትወስዳለች? የማይስማማት መድኃኒት አለ? ሲጋራ ታጨሳለች? አክስቴ በዕድሜዋ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። በዚያ ወር ብቻ ግን ይህን ስትጠየቅ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። እኔ አስተረጉማለሁ፣ እሱ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ይጽፋል፣ እሷ ጀርባውን ታያለች። ስንወጣ «ልጄ፣ ይሄ ሐኪም ፊቴን አይቶታል?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ።

ሁለቱም ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት ኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ነው። የሁለቱም ሶፍትዌር በመንግሥት ፕሮግራም ተፈትኖ ሰርቲፊኬት ያገኘ ነው። ታዲያ ሲዲው ምን ይሠራል? ነገሩን የአንድ ሐኪም ግዴለሽነት ወይም የአንድ ሆስፒታል ዝርክርክነት አድርጌ አላየውም። የሲጋራው ጥያቄም፣ የዞረው ጀርባም፣ ሲዲውም ሥረ መሠረታቸው ሲመዘዝ ዋሽንግተን ከተጻፈ ፖሊሲ ጋር ይገናኛል። ፖሊሲው በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፣ ብዙ በጎ ነገርም አምጥቷል። አንድ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል፣ እሱን ለማሳየት ከመጀመሪያው ልነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በአሥር ዓመት ውስጥ አብዛኛው አሜሪካዊ ኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ እንዲኖረው ግብ አስቀመጡ። ሥራውን የሚያስተባብር ብሔራዊ ቢሮም አቋቋሙ። ኦኤንሲ የሚባለው እሱ ነው። ግቡ ጥሩ ነበር፣ ከጀርባው ግን ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አልነበረም። በ2008 ገደማ መሠረታዊ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንኳ ያስገቡት ሆስፒታሎች ከአሥሩ አንዱ አይሞሉም ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ሶፍትዌሩን የሚገዛው፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥነው፣ በሽግግሩ ወራት ሥራው የሚጓተትበት ሐኪሙ ነው። ምርመራ ሳይደገም ሲቀር፣ የመድኃኒት ስህተት ሲቀንስ ግን የሚጠቀመው በአብዛኛው ኢንሹራንሱና በሽተኛው ነው። አንዱ ከፍሎ ሌላው የሚያተርፍበትን ነገር ማን ቀድሞ ይገዛል?

ሌላም ፍርሃት ነበር። ሐኪም ሶፍትዌር መርጦ የመግዛት ልምድ የለውም። የገዛሁት ባይሠራስ፣ ድርጅቱ በሁለት ዓመት ቢዘጋስ ይላል። የሰርቲፊኬት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንድ ገለልተኛ አካል ሶፍትዌሩን ይፈትንና «ይሄ ቢያንስ ይህን ይህን ይሠራል» ብሎ ይመስክር ነው ነገሩ። ከ2006 ጀምሮ በዘርፉ ማኅበራት የተቋቋመ አንድ ኮሚሽን ይህን ይሠራ ነበር። ሰርቲፊኬቱ የገዢውን ልብ ያሳርፋል እንጂ ወጪውን አይሸፍንለትም። ስለዚህ ገበያው ብዙም አልተነቃነቀም።

ነገሩን የቀየረው የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ የካቲት 17 ቀን 2009 ዴንቨር ላይ የፈረሙት የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ውስጥ ሃይቴክ የሚባል ክፍል ነበረበት። ኤሌክትሮኒክ መዝገብን «ትርጉም ባለው መንገድ» ለሚጠቀም ሐኪም ወይም ሆስፒታል መንግሥት ይከፍላል። አንድ ሐኪም በሜዲኬር (በመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) በኩል እስከ 44,000 ዶላር፣ በሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በሚሰጠው መድን) በኩል ደግሞ እስከ 63,750 ዶላር በበርካታ ዓመታት ተከፋፍሎ ማግኘት ይችል ነበር። ለሆስፒታሎች በሚሊዮን የሚቆጠር። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያልተጠቀመ የሜዲኬር ክፍያው ይቀነስበታል። በጠቅላላው ከ35 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል።

ክፍያው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ በመንግሥት መስፈርት ተፈትኖ ሰርቲፊኬት ያገኘ መሆን አለበት። ተጠቃሚው ደግሞ የተቀመጠለትን መለኪያ ማሟላቱን በድረ ገጽ ገብቶ በራሱ ቃል ያረጋግጣል። በሐሳብ ደረጃ ይህ ብልህ ነው፣ አሁንም እንዲያ እላለሁ። መንግሥት ለሶፍትዌሩ ግዢ አይከፍልም፣ ለአጠቃቀሙ እንጂ። ችግሩ የተደበቀው «አጠቃቀም» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አጠቃቀም እንዴት ይለካል?

በመቶኛ ተለካ። በ2011 የጀመረው የመጀመሪያው ምዕራፍ ለሐኪሞች 15 የግዴታ መለኪያዎች ነበሩት፣ ከሌሎች አሥር ደግሞ አምስት ይመርጣሉ። ከመድኃኒት ማዘዣዎች ከ40 በመቶ በላዩ በኤሌክትሮኒክ ይላክ። ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ በሽተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸው በመዝገቡ ይግባ። የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ጋ አለ! ጥያቄው በሕክምና ትክክል ነው። ሲጋራ ገዳይ ነው፣ ሐኪምም መጠየቅ አለበት። ሆኖም ሆስፒታሉ የሚመዘነው በስክሪኑ ላይ ያለውን የራሱን ሣጥን በመሙላቱ ነው። ጎረቤቱ ያንኑ መልስ ትናንት መዝግቦት እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። ፖሊሲው መዝገቡን ለማስገባት ብቻ የታሰበ ቢሆን ኖሮ ከተሳካላቸው የመንግሥት ፕሮግራሞች አንዱ ብዬ እጽፍ ነበር። በ2008 ከአሥር በመቶ በታች የነበረው የሆስፒታሎች ቁጥር በ2015 ወደ 84 በመቶ ደረሰ። በ2021 ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት ሆስፒታሎችና 78 በመቶ የሚሆኑት የክሊኒክ ሐኪሞች ሰርቲፊኬት ያለው መዝገብ ነበራቸው። ይህን ያህል ትልቅና የተበታተነ ዘርፍ በዚህ ፍጥነት ከወረቀት ሲወጣ ቀላል ነገር አይደለም። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አቅቶት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የቆመ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ሁለት የማይስማሙ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙ የሚያስጠነቅቅ ስክሪን ሕይወት ያድናል። ካርድ ጠፋ ተብሎ ቀጠሮ አይሰረዝም። በየከተማው ትንንሽ ክሊኒኮችን የሚደግፉ 62 የእገዛ ማዕከላትም ተቋቁመው ነበር። የፖሊሲው መልካም ገጽታ ሆኖ ሳለ ብዙም አይወራለትም።

ወደ ዞረው ጀርባ ልመለስ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአራት ግዛቶች 57 ሐኪሞችን ሥራ ላይ እያሉ ተከታተለ። ሐኪሞቹ ከቀኑ 27 በመቶውን ከበሽተኛ ጋር፣ 49 በመቶውን ደግሞ ከመዝገቡና ከጠረጴዛ ሥራ ጋር ያሳልፋሉ። በሽተኛው ፊታቸው ተቀምጦ እንኳ ከሰዓቱ 37 በመቶው ለስክሪኑና ለወረቀቱ ነው። ማታ ደግሞ ቤታቸው ገብተው አንድ ሁለት ሰዓት ያንኑ ይቀጥላሉ። «የፒጃማ ሰዓት» የሚሉት ይህንን ነው። ጥፋቱን ሁሉ ለመንግሥት መለኪያ መስጠት አይቻልም፣ ለኢንሹራንስ ክፍያ ሲባል የሚጻፈው ዝርዝርም ብዙ ነው። ግን አስቡት፤ ገንዘቡ በፍጥነት መውጣት ነበረበት፣ የማነቃቂያ ሕግ ነዋ። በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ፣ በሐኪም አሠራር ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ከባዶ ተሠርቶ አይደርስም። ስለዚህ የተገዛው በ2009 ገበያው ላይ የነበረው ነው። አብዛኛው ደግሞ አስቀድሞ የተሠራው ሂሳብ ለመጠየቅ ነው። በዚያ ላይ አዳዲስ ሣጥኖች ተለጠፉበት። አክስቴ የገመገመችው ሐኪም ጨዋ ሰው ነበር። ስክሪኑ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አላሳልፍ ቢለው ምን ያድርግ?

ሰርቲፊኬቱስ ይህን ማጣራት አልነበረበትም ወይ? እዚህ ጋ ረጋ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ልብ ይሄ ይመስለኛል።

ፈተናው የሚሰጠው ለሶፍትዌሩ ነው። በተወሰነ ቀን፣ በተዘጋጀ የሙከራ መረጃ፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ስክሪፕት። ሻጩ ድርጅት ለፈታኙ ይህን ሠርቼ ላሳይህ ይላል፣ ያሳያል፣ ያልፋል። ከዚያ ያው ሶፍትዌር ሆስፒታል ሲተከል በየቦታው ይስተካከላል፣ ይቆራረጣል፣ ይቀጠልበታል። ነርሷ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የምትጠቀምበትና ፈታኙ ያየው አንድ ናቸው ማለት ያስቸግራል።

የመዝገብ ሶፍትዌር የሚሸጠውን የኢክሊኒካልወርክስን ጉዳይ ውሰዱ። በ2017 ድርጅቱ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ155 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የፍትሕ ሚኒስቴር ክስ እንዲህ ይላል። መስፈርቱ ሶፍትዌሩ የማንኛውንም መድኃኒት መለያ ኮድ ከሙሉው ቋት ፈልጎ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ድርጅቱ ይህን ከመሥራት ይልቅ በፈተናው የሚመጡትን 16 ኮዶች ብቻ በቀጥታ ሶፍትዌሩ ውስጥ ጻፋቸው። አሥራ ስድስት! ፈተናውን አለፈ፣ ሰርቲፊኬቱን አገኘ፣ የገዙት ሐኪሞችም በዚያ ሰርቲፊኬት ተማምነው የመንግሥት ክፍያ ጠየቁ። ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምን ነው ጉዳዩን የዘጋው። ችግሩን ያጋለጠው ደግሞ ሶፍትዌሩን በኒውዮርክ የራይከርስ ደሴት እስር ቤት የሚተክል አንድ ቴክኒሻን ነው። ፈታኙ ያላየውን ሥራው ላይ የነበረ ሰው አየው። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

የፕራክቲስ ፊውዥን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያማል። ሶፍትዌሩን ለክሊኒኮች በነጻ ይሰጥ የነበረ ድርጅት ነው። በ2020 በ145 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ ድርጊቱን አምኗል። ከአንድ የኦፒዮይድ (ሱስ የሚያስይዝ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) አምራች አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብሎ በሐኪሞች ስክሪን ላይ ብቅ የሚል የሕክምና ማሳሰቢያ ሠራለት። ማሳሰቢያውን በመቅረጽ የመድኃኒቱ ድርጅት ሰዎች ተሳትፈዋል። ሐኪሙ ስለ ሕመም ማስታገሻ ሲያስብ ስክሪኑ እንደ ገለልተኛ አማካሪ ሆኖ ይመክረዋል፣ ምክሩ ግን የተገዛ ነው። ይህ ከ2016 እስከ 2019 ሲሠራ ቆየ፤ አገሪቱ በኦፒዮይድ ልጆቿን እየቀበረች ባለችበት ጊዜ። በሽተኛው ይህን በምን ያውቃል? ሐኪሙስ? ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምክር ከየት እንደመጣ ማየት መብት መሆን ነበረበት።

አሁን ሲዲው።

መዝገቦቹ ለምን አይነጋገሩም ሲባል ብዙ ሰው ቴክኖሎጂው አስቸጋሪ ስለሆነ ይመስለዋል። ያ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጥቅም ነው። የበሽተኛው መረጃ እኔ ጋ ብቻ ካለ በሽተኛው ወደ እኔ ይመለሳል። የሶፍትዌር ሻጩም እንደዚያው፣ መረጃው ከእሱ ሶፍትዌር በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ ሆስፒታሉ ሌላ ሻጭ ጋ ለመሄድ ይፈራል። ሁለት ሶፍትዌሮችን ለማገናኘት ከፍተኛ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ውሎች ሐኪሙ የሶፍትዌሩን ጉድለት በስክሪን ፎቶ አስደግፎ በአደባባይ እንዳያሳይ ይከለክሉ ነበር። መንግሥት ቢሊዮኖቹን ሲያፈስ ይህን የሚከለክል ሕግ በእጁ አልነበረም። ገንዘቡ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ። ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል ያልኩት ይህንን ነው። ገንዘብ በእጅ ሳለ ነበር «መረጃው ከጎረቤት ጋር ካልተላለፈ አልከፍልም» ማለት። ሁሉም ከገዛ፣ ከተከለና ሠራተኛውን ካሠለጠነ በኋላ መንግሥት መደራደሪያው አለቀበት።

ኮንግረስ መረጃ አፍኖ መያዝን የከለከለው በታኅሣሥ 2016 ባወጣው የኪዩርስ ሕግ ነው። ከሃይቴክ ሰባት ዓመት በላይ ዘግይቶ። ሕጉ ለሶፍትዌር ድርጅቶች በአንድ ጥፋት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት አስቀመጠ። ዝርዝር ደንቡ ግን የወጣው በ2020 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 2021፣ በድርጅቶቹ ላይ ቅጣቱ መተግበር የጀመረው መስከረም 2023፣ መረጃ የሚያፍን ሆስፒታል የሚቀጣበት ደንብ የወጣው ደግሞ በ2024። ቁጥሮቹን ደርድሩና እዩዋቸው። በ2009 የተወለደ ልጅ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሷል። በመሃሉ በ2018 የሜዲኬር ኃላፊዋ የሐኪም ቢሮዎች በ2020 ከፋክስ ነጻ እንዲሆኑ ጥሪ አቅርበው ነበር። 2020 መጣ፣ ኮቪድም መጣ፣ የምርመራ ውጤቶች ግን ለጤና ቢሮዎች በፋክስ መላካቸው ቀጠለ።

አንድ ወገን ደግሞ ጭራሹኑ ተረስቷል። የአረጋውያን መንከባከቢያዎችና የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ከሃይቴክ ክፍያ ውጭ ነበሩ። ከሆስፒታል ወጥተው ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄዱት ደግሞ ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ፣ በራሳቸው አንደበት ታሪካቸውን ለመናገር የሚቸገሩ ሰዎች ናቸው። መዝገቡ አብሯቸው ቢሄድ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው እነሱን ነበር።

የኪዩርስ ሕግን ማጣጣል አልፈልግም፣ ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል። አፍ የሚያዘጉትን ውሎች ከልክሏል። ሰርቲፊኬት ያለው ሶፍትዌር ሁሉ ፋየር በሚባለው የመረጃ መለዋወጫ መስፈርት በሽተኛው በመረጠው የስልክ መተግበሪያ በኩል መረጃውን እንዲሰጠው ያስገድዳል። ከሰርቲፊኬት በኋላም ድርጅቶቹ ሶፍትዌራቸው በገሃዱ ዓለም መሥራቱን በየዓመቱ ፈትነው ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያወጡ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ፈተናውን የሚያወጣውም፣ የሚፈተነውም፣ ውጤቱን የሚጽፈውም ድርጅቱ ራሱ ነው። እኔ ብጠየቅ ይህን እቀይር ነበር። ፈታኙ ሳያሳውቅ አንድ ሆስፒታል ይሂድ፣ በእውነተኛ ሥራ ላይ ካለች ነርስ አጠገብ ይቀመጥ፣ የሌላ ሻጭ ሶፍትዌር ካለው ጎረቤት ሆስፒታል የአንድን በሽተኛ መዝገብ አስመጪ ይበላት። ስንት ደቂቃ ፈጀ? የመጣው ነገር በየቦታው ገባ ወይስ እንደ ፎቶ ተለጥፎ ቀረ? በሽተኛው የሚያውቀው ጥራት ይሄ ነው።

ገንዘቡ ሲሰጥ አንድ ሙከራ እንደነበር ግን ልጨምር። በሁለተኛው ምዕራፍ ከአንድ ሐኪም በሽተኞች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት መዝገባቸውን በኢንተርኔት ገብተው ማየት ወይም ማውረድ አለባቸው የሚል መለኪያ ወጥቶ ነበር። ሐኪሞች «በሽተኛው ባይገባ እኔ ምን ላድርግ» ብለው ተቃወሙ፣ ቅሬታቸውም ምክንያት ነበረው። በ2015 መለኪያው ወደ አንድ በሽተኛ ወረደ። አንድ ሰው። ያኔ ብዙ ክሊኒኮች ለበሽተኛው የይለፍ ቃል የታተመበት ወረቀት ከመስጠት ያለፈ ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር እንደነበር አምናለሁ፤ ለምን እንደሚጠቅመው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ቢመደብ ለምሳሌ፣ በሚገባው ቋንቋ።

ባለፈው የአክስቴን ስልክ ይዤ ያንን አደረግኩ። የሁለቱንም ሆስፒታሎች መዝገብ በአንድ መተግበሪያ አገናኘሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብን፣ የይለፍ ቃል ሁለቴ ጠፋብን። ሲያልቅ ግን የደም ምርመራዎቿ ሁሉ ከሁለቱም ቦታ ተሰብስበው አንድ ገጽ ላይ ወጡ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒኗ በስድስት ወር ውስጥ እንዴት እንደሄደ በመስመር ይታያል። የመድኃኒት ዝርዝሯም አለ፣ አንዱ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠችው። ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና አብረው አዩት። የተደገመውን መድኃኒትም እዚያው ጠየቃት።

የሲቲ ስካኑ ዘገባ ስልኩ ላይ ገብቷል። ምስሉ ግን አልመጣም፣ መተግበሪያዎቹ የሚያመጡት የግዴታ ዝርዝር የስካን ምስልን አይጨምርም። ሲዲው አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።